ጫካ ዳር የበቀለው ነጭ አበባና የሚንቀጠቀጠው ግልገል

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ጫካ ዳር 12 ፍየሎች አረባለሁ። ከኦገስት መጨረሻ ወዲህ ዛፎቹ ሥር ነጭ አበባ ያለው አረም በዝቷል። እናቶቹ ደህና ናቸው፤ አንድ የሚጠባ ግልገል ግን ሲራመድ ይንቀጠቀጣል። አረሙ ምንድን ነው? ወተቱንስ እንጠጣው?

መልስ፦ ወተቱን ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይጠጣው፤ አረሙ በወተት የሚተላለፍ መርዝ ያለው ሳይሆን አይቀርም። መንጋውን ከጫካው ያውጡ፤ ግልገሉን ከእናቱ ለይተው የዱቄት ወተት ይስጡት። ሐኪም እስኪያየው አያሯሩጡት፤ እንቅስቃሴ መንቀጥቀጡን ያብሰዋል። ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን እጥረትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ ሐኪሙ መርዙንም እጥረቱንም ይመርምር።

የምጠረጥረው ኋይት ስኔክሩት የተባለውን የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ የጫካ አበባ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አጌራቲና አልቲሲማ ይባላል። ከአደይ አበባና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም በመልክ አይመሳሰሉም፤ በአደይ ዙሪያ የምናያቸው ሰፋፊ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ዓይነት ነገር የለውም። አንዱ የአበባ ራስ ከ10 እስከ 30 የሚደርሱ ደቃቅ ነጭ ቱቦዎች የተጠጋጉበት ነው፤ ራሶቹ ደግሞ አገዳው ጫፍ ላይ ተሰብስበው ከሩቅ የጥጥ ብናኝ ይመስላሉ።

በአበባው ብቻ ግን አይፍረዱ፤ ቅጠሉን ይዩ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንጓው ላይ ፊት ለፊት ይበቅላል፣ ሥሩ ሰፊ ጫፉ ሹል ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ሦስት ዋና ዋና ጅማቶች ከሥሩ ይነሳሉ፣ ከአገዳው ጋር የሚያገናኘው ረዘም ያለ አንገትም አለው። ጥንዱ ቅጠል ተጣብቆ አገዳው መሃሉን የበሳው ከመሰለ ቦንሴት የተባለ ሌላ ተክል ነው። ካልተማመኑ አንድ አገዳ ከነሥሩ ነቅለው ወደ ካውንቲዎ ኤክስቴንሽን (የግብርና ምክር) ቢሮ ይውሰዱ።

መርዙ ትሬሜቶል ይባላል። የምታጠባ እናት መርዙን በወተቷ ስለምታስወጣ እሷ ጤነኛ መስላ ግልገሏ ይታመማል፤ የእርስዎም መንጋ ላይ የሚታየው ይህንኑ ይመስላል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ቅቤ ውስጥም ይገባል። በ1818 ኢንዲያና ውስጥ የአብርሃም ሊንከን እናት የሞቱት በዚሁ የወተት በሽታ እንደሆነ ይነገራል። መርዙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንስሳው ከራሱ ክብደት 1 በመቶ አካባቢ፣ ማለትም የ40 ኪሎ ፍየል 400 ግራም ያህል፣ ተክሉን ቢበላ ሊጎዳ ይችላል። ሲደርቅ ኃይሉ ቢቀንስም የተቀላቀለበት ድርቆሽ አያስተማምንም።

ሣር ሲኖር ፍየል ብዙም አይነካውም። በበጋው ማብቂያ ግጦሹ ሲደርቅ ነው ወደ ጥላው የሚገቡት፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ድርቆሽ ይጨምሩ፣ የጫካውንም ጠርዝ በአጥር ይከልሉ። ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ጓንት አድርገው ቢጎትቱት ከነሥሩ ይወጣል። ማጨድ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ዘሩ ነጭ ጸጉር አብቅሎ በነፋስ ከመሄዱ በፊት ይንቀሉት፤ ከዘገዩ አበባውን ቀድመው በከረጢት ይቁረጡ። የተነቀለውን ግጦሹ ላይ አይተዉ። ፀረ አረም ከረጩም ተክሉ ፈጽሞ እስኪደርቅና እስኪወገድ ፍየል አያስገቡ፤ ሲጠወልግ ይበልጥ ሊጥማቸው ይችላል።