ሬይድ 5 መልሶ ሲገነባ መሀል ላይ ቆመ፤ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለን። የዓመታት የሠርግ ሥራችን ያለው አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮችን በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢወድቅ ሥራው እንዳይጠፋ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ) ባጣመረ የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሁለተኛው ዲስክ መብራት ቀይ ሆነ። ሳጥኑ እየጮኸ ስላስቸገረን ድምፁን አጥፍተን ለሁለት ሳምንት ሠራንበት። ከዚያ አዲስ ዲስክ ገዝተን ስንተካው የጎደለውን ዳታ በአዲሱ ላይ መልሶ መገንባቱ 71 በመቶ ላይ ቆመ፤ አራተኛውም ዲስክ ወድቋል ይላል። አሁን ምንም ፋይል አይከፈትም፤ ሳጥኑ «አዲስ ልፍጠር?» እያለ ይጠይቃል። እሺ ልበለው?

መልስ፦ በፍጹም እሺ አይበሉት። እሺ ካሉ በዲስኮቹ ላይ አዲስ አደረጃጀት ይጻፋል፤ ዛሬ ሊመለስ የሚችለው ሥራ ያኔ ላይመለስ ይችላል። «የፋይል ሥርዓቱን ላስተካክል?» ቢልዎትም መልሱ ያው ነው፣ ማስተካከልም መጻፍ ነውና። ሳጥኑን በሥርዓቱ ያጥፉት፤ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያወጡ የነበሩበትን ተራ ቁጥር በማርከር ይጻፉባቸው። መጀመሪያ የወደቀውን አሮጌ ዲስክም እንዳይጥሉት።

በእኔ ግምት አራተኛው ዲስክ አልሞተም። ሬይድ 5 በየረድፉ በሦስት ዲስኮች ላይ ዳታ፣ በአንዱ ላይ ደግሞ ከሦስቱ የተሰላ ማካካሻ ይጽፋል፤ የማካካሻው ቦታ ከዲስክ ወደ ዲስክ ይዘዋወራል። አንድ ዲስክ ሲጎድል የጠፋው ከቀሩት ሦስቱ ይሰላል። ሁለት ሲጎድሉ ግን በአንድ እኩልታ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ለመፈለግ እንደመሞከር ነው፤ አይፈታም። አዲሱን ዲስክ ለመሙላት ሳጥኑ የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም 12 ቴራባይት፣ ማንበብ አለበት። ከዓመታት በፊት ተጽፎ ማንም ከፍቶት በማያውቅ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ጥቂት ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ተበላሽተው ከነበረ፣ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሳጥኑም ዲስኩን ወድቋል ብሎ ከቡድኑ ያስወጣዋል። ብዙ አምራቾች ለተራ ዲስክ የሚጽፉት ወሰን ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ አንድ ስህተት ነው፤ ይህ 12.5 ቴራባይት ገደማ ይሆናል። የወረቀት ቁጥር ነው፤ አብዛኛው ዲስክ ከዚያ የተሻለ ይሠራል። ቢሆንም የሠርግ ሥራ የሚጣልበት ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ መልሶ መገንባቱን ደግመው አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ዲስኮቹን ይቅዱ። ቁጥር አንድን፣ ሦስትንና አራትን እያንዳንዳቸውን እኩል ወይም የበለጠ መጠን ወዳለው ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው የተባለ ነጻ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው፦ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ያነሣል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ይተዋል፣ የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምንጩንና መድረሻውን በሴሪያል ቁጥር ሳያረጋግጡ ትእዛዙን እንዳያስነሡ፤ ቦታቸው ከተቀያየረ ባዶው ዲስክ በሠርጉ ላይ ይጻፋል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ 4 ቴራባይት ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል፤ የታመመው ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ወዲያውኑ ያጥፉትና ዲስክ በንጹሕ ክፍል ለሚከፍት ባለሙያ ይስጡት፤ ደጋግሞ ማብራት የሚያነበውን ጭንቅላት ዳታው ባለበት ሳህን ላይ ያስፍቀዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው በቅጂዎቹ ብቻ ነው። አብዛኛው አነስተኛ ማከማቻ ውስጡ ሊኑክስ ስለሆነ፣ ኤምዲአድም በተባለው መሣሪያ ሦስቱን ቅጂዎች፣ አዲሱን ዲስክ ሳይጨምሩ፣ በማስገደድ ማጣመር ይቻላል። ማስገደድ የሚያስፈልገው አራተኛው ከቡድኑ ስለተባረረ መዝገቡ ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ ነው። ፋይሎቹን ለንባብ ብቻ ከፍተው ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ። ያልተነበቡት ሴክተሮች የነኳቸው ጥቂት ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። አሮጌውን ሁለተኛ ዲስክ ያስቀምጡ ያልሁትም ለእነዚህ ነው፦ ከወደቀ በኋላ ያልተነካ የድሮ ፋይል በእሱ ላይ እንደነበረው ስለሚቆይ፣ ከአንድና ከሦስት ጋር ተሰልቶ የአራተኛውን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። ይህ በእጅ የሚሠራ ረቂቅ ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት።

ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ ሳጥኑን እንደ አዲስ፣ በየረድፉ ሁለት ማካካሻ በሚጽፈው በሬይድ 6 ያደራጁት። ቦታው ከ12 ወደ 8 ቴራባይት ይወርዳል፤ ግን የትኞቹም ሁለት ዲስኮች ቢወድቁ ሥራው ይተርፋል። ዲስኮችን በጥንድ በጥንድ አንድ ዓይነት ቅጂ የሚያስይዘው ሬይድ 10ም 8 ቴራባይት ይሰጣል፣ መልሶ መገንባቱም ይፈጥናል፤ ይሁንና ጥንድ የሆኑት ሁለቱ አብረው ከወደቁ ያበቃል። በአራት ዲስክ ማህደር ለሚይዝ ሰው ሬይድ 6ን እመርጣለሁ። በወር አንድ ጊዜ ሙሉውን ዲስክ አንብቦ የሚፈትሸውን ተግባር ያብሩት፤ የተደበቀው ብልሽት ሌላ ዲስክ ሳይወድቅ ይጋለጣል። ድምፁንም አያጥፉት! ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ካለዎት የዩኤስቢ ገመዱን ከሳጥኑ ጋር ያገናኙ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ብዙ ቢሮ ዩፒኤስ ገዝቶ ገመዱን በካርቶኑ ውስጥ ይተወዋል። ከሬይዱም ውጭ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ በሌላ ቤት የሚቀመጥ ቅጂ ያስፈልጋል፤ በስህተት የተሰረዘ ሠርግ ከሁሉም ዲስኮች እኩል ነው የሚሰረዘው።

አዲሱን ዲስክ መልሰው ከመጠቀምዎ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ያጣሩ። አንዳንድ ዲስኮች የሚጽፉበት መስመር እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተደራረበ ነው፤ መልሶ መገንባት ላይ እጅግ ይዘገያሉ፣ አንዳንዴም ሳጥኑ ይጥላቸዋል። የዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል በ2020 እ.ኤ.አ. ለኔትወርክ ማከማቻ ከሚሸጣቸው «ሬድ» (ቀይ) የተባሉ ዲስኮቹ አንዳንዶቹ እንዲህ መሆናቸውን አምኗል፤ ስለዚህ የማሸጊያ ካርቶኑን ጽሑፍ ሳይሆን የሞዴሉን ዝርዝር ያንብቡ።