ኮረንቲ፣ ጅረት፣ ወይስ «ነዘር ነዘር»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ ትከሻዋን ስለሚያማት እዚሁ ሐዋሳ ፊዚዮቴራፒ ወስጃት ነበር። ባለሙያዋ «ኮረንቲ እናደርግልዎታለን» ስትላት፣ «ኮረንቲማ ሰው ይገድላል!» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ሌላ የአማርኛ ቃል የለውም? «ጅረት» ወይም «ንዝረት» ብንለውስ?
ከታቦር ሰፈር

መልስ፦ እናትሽ ቃሉን በደንብ ነው የሰሙት። በአማርኛ ኮረንቲ «ይይዛል»፣ «ይመታል»፣ «ይገድላል»። «ኮረንቲ አዳነኝ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ከነዚህ ግሶች ጋር ኖሮ ጠባያቸውን ወርሷል።

አመጣጡ ግን ምንም አያስፈራም። ከጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ «የሚሮጥ፣ የሚፈስ» ማለት ነው፤ ለወንዝ ውሃም ያገለግላል። ስለዚህ «የኤሌክትሪክ ጅረት» መባሉ ልክ ነው፤ ነገሩንም በደንብ ያስረዳል። የጥቁር ውሃን ወንዝ አስቢው። ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። በየሰከንዱ የሚያልፈው የውሃ መጠን ጅረቱ ነው እንበል፤ በኤሌክትሪክ ይሄ በአምፔር ይለካል። ውሃውን ቁልቁል የሚነዳው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ቮልቱ ነው። መንገዱን የሚያጠበው ድንጋይና ቄጠማ በኦም ይለካል።

ለዚህ ነው «ቮልቱን ቀንሺልኝ» ሲባል ቅር የሚለኝ። ነርቭን የሚቀሰቅሰው የሚያልፈው ጅረት ነው። ቆዳ ሲደርቅ ድንጋዩ ይበዛል፤ ግፊቱ ያው ሆኖ ጅረቱ ያንሳል። ባለሙያዋ ቆዳ ላይ በሚለጠፈው ፓድ ሥር ጄል የምትቀባው ወይም ስፖንጁን ውሃ የምትነክረው ይህን ለማቃለል ነው። ጅረቱም የሚለካው በሚሊአምፔር ነው፣ 1 አምፔር ለ1000 ተከፍሎ ማለት ነው። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የሕመም ማስታገሻ ማሽኖች ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። የሚልኩት ምትም እጅግ አጭር ነው፤ አንዱ ምት የሰከንድን አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም።

ይሁንና ሕመምተኛ ፊት «ጅረት እናደርግልዎታለን» ቢባል ማን ይገባዋል? የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው፣ እዚያው ይቆይ። «ንዝረት»ንም አልመርጠውም። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥም ንዝረት ነው፤ ጡንቻ የሚያንቀጠቅጥ የማሳጅ ማሽንም አለ። ሁለቱ ይምታታሉ።

«ነዘረ» የሚለውን ግስ ግን አትልቀቂው። አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ሀብት አለው። «በሩን ክፍት አድርጊው» ስልሽ ወለል ታደርጊዋለሽ። «ከፈት አድርጊው» ስልሽ ግን ትንሽ ነፋስ እንዲገባ ብቻ ነው። «ስብር አለ» ከሁለት ነው፤ «ሰበር አለ» ግን ትንሽ ጎበጥ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ከሳድስ ወደ ግዕዝ ስታዞሪ ድርጊቱ ይለዝባል። እንግዲህ «ንዝር አደረገኝ» የተላጠ ሽቦ የነካ ሰው ቃል ነው። «ነዘር አደረገኝ» ግን ለስለስ ያለ ነው። ሲደገም ደግሞ፣ «ነዘር ነዘር»፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰውን ምት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየትም አናመጣም።

ለሕክምናው ስም ካስፈለገ «የኤሌክትሪክ ሕክምና» ይበቃል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ ለባለሙያው መናገር አለበት፤ እናትሽም እንዳላቸው ጠይቂያቸው። እናትሽን ግን እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ ትከሻሽ ላይ ይለጥፉና ነዘር ነዘር ያደርግሻል። በዛ ካልሽ ንገሪያቸው፣ ወዲያው ቀነስ ያደርጉታል።»