ከጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ልብላ ብለው ለጠየቁት እህት

እህቴ፣ ከደብረ ሲና የጻፉትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ስሊቭ የሚባለው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልዎ ዘጠኝ ቀን እንደሆነዎት፣ ዘመድ ሁሉ «ትንሽ ቅመሺ እንጂ» እያለ እንዳስጨነቀዎት፣ ዐቢይ ጾምም በመቃረቡ ምን እንደሚበሉ ግራ እንደገባዎት ገልጸዋል። እኔ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ ይኸው ሕክምና አዲስ አበባ ከተደረገልኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ የእኔም ልክ እንደ እርስዎ በጾም ዋዜማ ነበር። ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አልጽፍም፤ እርሱን አልፈውታል።

አንደኛ፣ በሶ እንዳይነኩ። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ የአመጋገብ መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር፤ ስለ እንጀራም ሆነ ስለ ሽሮ፣ ስለ ገንፎም ሆነ ስለ በሶ አንዲት ቃል አልነበረበትም። ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ ስወጣ በቋንቋዬ የተጻፈ፣ የአገሬን ምግብ የሚያውቅ ወረቀት ይገባኝ ነበር ብዬ ዛሬም አዝናለሁ። ከወረቀቱ የገባኝ «ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ» የሚለው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቴ ከመሐል ሜዳ በሶ ይዛ መጣች። በሶ በውኃ ሲበጠበጥ ይጠጣልና፣ እርሷም እኔም ከፈሳሽ ቆጠርነው። ነገር ግን የተቆላ ገብስ ዱቄት ውኃ እየመጠጠ ያብጣል፤ የእኔ ጨጓራ ደግሞ ሦስት አራተኛው ያህል ተቆርጦ ወጥቶ የቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ቁስሉም ገና አልጠገገም። ሦስተኛውን ማንኪያ እንደዋጥኩ ደረቴን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፤ አፌ በምራቅ ተሞላ፤ ከዚያም እንደ ተመታ እንቁላል ነጭ ያለ አረፋ ይወጣ ጀመር። እናቴ ጀርባዬን እያሻሸች ታለቅስ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙ ያስከፈለኝ በሶው አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያልቆመውን ማስመለስ መደበቄ ነው። የባለቤቴ ዘመዶች «በገንዘቧ ሕመም ገዛች» ማለታቸውን ሰምቼ ስለነበር፣ ትክክል መሆናቸውን ላለማሳየት ስል ለሦስት ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጓሮ እየወጣሁ አስመለስኩ። የቪታሚን ክኒኑም አብሮ ስለሚወጣ ተውኩት። ከዚያም ውስጥ እግሬ ደነዘዘ፤ የምረግጠው መሬት ሳይሆን የተነጠፈ ባና ይመስለኝ ጀመር። እዚሁ ከተማ ወደ አንድ ክሊኒክ ስሄድ ካርድ የሚያወጣው ሰው ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ፣ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት «ለመቅጠን ብለሽ አይደል እንዴ ያደረግሽው?» አለኝ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ለመናገር ጉልበት አጣሁ። ስለ ቀዶ ሕክምናው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፤ በማግስቱ ግድግዳ ሳልይዝ መራመድ አቃተኝ።

ወንድሜ ደውሎ ሲነግረው አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ ወዲያውኑ አወቀው፤ ቪታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን የሚባለው አልቆብኝ ነበር። ሰውነታችን ይህን ቪታሚን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሚበቃ በላይ አያከማችም፤ ስኳር ለማቃጠል ደግሞ የግድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ላለቀበት ሰው ታያሚን ሳይሰጡ ግሉኮስ መስቀል ያለችውንም ጭላጭ ያሟጥጣታል፤ አንጎልንም ሊጎዳ ይችላል። መርፌው ከተጀመረልኝ በኋላ መራመዱ ቶሎ ተስተካከለ፤ ድንዛዜው ግን ወራት ፈጀ፤ የግራ እግሬ ጣቶች በጥቅምት ብርድ ዛሬም ይደነዝዛሉ። ስለዚህ እህቴ፣ ማስመለሱ አንድ ቀን ካለፈ ለቀዶ ሐኪምዎ ይደውሉ፤ የትም ቢታከሙ «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ፤ ከግሉኮሱ በፊት ታያሚን ይሰጠኝ» ይበሉ፤ ቢቆጡም ይቆጡ። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም የልብ ምት መፍጠን ካዩ ግን ሳይደውሉም ሳይዘገዩም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ስለሚበላው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም ያህል አለው፤ እንግዲህ በአጥሚት ብቻ እንደማይደረስበት ከዚህ ይረዱታል። አሁን ባሉበት ጊዜ የተጣራ መረቅ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና ቀጠን ያለ እርጎ ይበቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪምዎ ሲፈቅድ የላመ ምስር፣ ለስላሳ እንቁላል፣ ከሁሉም በላይ አይብ። እኔን ያቆመኝ አይብ ነው ብል አላጋነንኩም። መለኪያዬ የቡና ሲኒ ነበር፤ አንዷን ሲኒ በሻይ ማንኪያ በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አልጠጣም። ውኃው በተረፈው ጊዜ ቀስ በቀስ እየተጎነጨ ወደ ሊትር ተኩል መድረስ አለበት። እንጀራ የቀመስኩት በዘጠነኛው ሳምንት ነው፤ መዳፍ የማታህል ቁራሽ፣ በቀጭን ሽሮ፤ ቶሎ ከተዋጠ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ይወተፋልና አፍ ውስጥ ፈሳሽ እስኪሆን ያላምጡት። ቆሎ፣ ለስላሳ መጠጥና ጠላ ገና ሩቅ ናቸው።

ጾሙን በተመለከተ፣ እኔ ለንስሐ አባቴ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንቁላልና ወተት ፈቀዱልኝ፤ በምትኩም በአቅሜ የምችለውን ጸሎት ሰጡኝ። እርስዎም ጾሙ ሳይገባ ያናግሯቸው፤ በዝምታ ጀምረው በሁለተኛው ሳምንት እንዳይወድቁ። በዓመቱ ግን ሁዳዴን በምስር፣ በክክና በሽሮ ሙሉውን ጾሜአለሁ፤ በዚህም ደስ ይለኛል።

ክኒኖቹ የዕድሜ ልክ ናቸው። የብረቱንና የካልሲየሙን ክኒን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቋቸው፤ ብረቱን በሻይም በቡናም አይዋጡት። በአራተኛው ወር ፀጉርዎ ቢረግፍ አይደንግጡ፤ የእኔ ተመልሶ በቅሏል። ከ118 ኪሎ ወደ 79 ወርጃለሁ፤ ባለፈው ወር የተመረመርኩት ደምም ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል።

ለዛሬ ማታ መረቅ ካሰቡ ግን የትናንቱን ይሁን፤ የአገራችን ብርድ ሌሊቱን ቅባቱን ከላይ ያረጋዋልና፣ ጠዋት በማንኪያ ገፈው ያንሡት፤ ከታች ያለው ንጹሑ ለእርስዎ ይሞቅልዎት።