የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዲስኮ ሸክላ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ኒውዮርክ የመጀመሪያዎቹ የዲስኮ ዓመታት ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ ባለ 12 ኢንች የዲስኮ ሸክላ «በ1975 ከሱቅ የተገዛ ኦሪጅናል ነው» ብሎ በ300 ዶላር ሊሸጥልኝ ነው። ፎርጅድ አለመሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ «ከሱቅ የተገዛ» መባሉ ራሱ ያጠራጥራል። በ1975 አንድ ዘፈን ብቻ የያዘ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ለዲጄዎች ይታደል ነበር እንጂ ገበያ ላይ አልነበረም። ለሕዝብ በመሸጥ የመጀመሪያው የሚባለው ሳልሶል የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ1976 ያወጣው፣ ደብል ኤክስፖዠር የተባለው ቡድን የዘፈነው «ቴን ፐርሰንት» ነው። ዋልተር ጊበንስ የተባለው ዲጄ ዘፈኑን ከ9 ደቂቃ በላይ አርዝሞ አዘጋጀው። ያን ያህል ርዝመት በባለ 7 ኢንች ሸክላ ላይ ቢጨመቅ መርፌው የሚሄድባቸው ቦዮች ይጠባሉ፣ ድምፁም ይቀንሳል። ሰፋ ያለው ሸክላ ግን ለቤዙ ቦታ ይሰጠዋል። የዲስኮ ክለብ ባለ 12 ኢንቹን የወደደውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሸክላው እንሂድ። ከከረጢቱ ያውጡትና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር ዘንበል አድርገው፣ ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ሌብሉ ያለውን ባዶ ቀለበት ያንብቡ። እዚያ ከተጻፈው የሸክላው መለያ ቁጥር ጎን የማስተሪንግ ቤቱ፣ ማለትም ድምፁን ለሕትመት አዘጋጅቶ የቀረጸው ድርጅት፣ ማኅተም ሊኖር ይችላል። በዘመኑ የሳልሶል ሸክላዎች ላይ «ፍራንክፎርድ ዌይን»፣ በሌሎች ብዙ የኒውዮርክ ሸክላዎች ላይ ደግሞ «ስተርሊንግ» የሚል ይገኛል። ከተረጋገጠ ቅጂ ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት። ማኅተም በሚጠበቅበት ቦታ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ ካለ ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ፎርጅድ ሠሪ ዋናው ቴፕ ስለሌለው ከሌላ ሸክላ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ የዚያኛው ሸክላ ጭረት አብሮ ይቀዳል፦ አዲስ በሚመስልና ጭረት በማይታይበት ሸክላ ላይ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሌብሉን ትንንሽ ፊደሎች ደግሞ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱ። ከፎቶ የተባዛ ሌብል ፊደሎቹ ያበጡ፣ ጠርዛቸው የደበዘዘ ነው። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ የ1975 እትም አይደለም። ሻጩ የቀለበቱን ጥርት ያለ ፎቶ አልልክም ካለ 300 ዶላርዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ከአንድ የቀድሞ ዲጄ ዕቃ መካከል ከባድ፣ ጠርዙ ላይ ብረት የሚታይበት ጥቁር ሸክላ ገዛሁ። ላዩ ላይ ነጭ ቅባት ነገር ወጥቶበታል። በአልኮል ልጠበው?

መልስ፦ አልኮል በፍጹም አያስነኩት። የያዙት አሲቴት ነው፦ በአሉሚኒየም ሳህን ላይ የናይትሮሴሉሎስ ላከር ተቀብቶ ዘፈኑ በቀጥታ የተቀረጸበት። ዲጄዎች ራሳቸው የቆራረጡትንና የቀጠሉትን ዘፈን በዚያው ሳምንት ክለብ ውስጥ ለማጫወት ያስቀርጹበት ነበር። ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም፤ ለዚህ ነው ጥንቃቄውን አጥብቀን የምንናገረው። አልኮል ላከሩን ያሟሟል። ነጩ ነገር ላከሩ ሲያረጅ ወደ ላይ የሚወጣ የስብ አሲድ ነው፤ ሻጋታ ይመስላል እንጂ አይደለም።

በመጀመሪያ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም ከብረቱ የተላቀቀ መሆኑን ይዩ። ስንጥቅ ካለ ውኃም አያስነኩት፤ ውኃው በሥሩ ገብቶ ሽፋኑን ቅርፊት በቅርፊት ያነሳዋል። ይህ ሥራ የድምፅ ቅርስ ጠጋኝ ባለሙያ ነው። ጤነኛ ከሆነ በተጣራ ውኃ ላይ ጠብታ ሽታ አልባ ለስላሳ ሳሙና ጨምረው፣ በለስላሳ ጨርቅ የቦዮቹን አቅጣጫ ተከትለው ይጥረጉ፤ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ደግመው ሳሙናውን ያስለቅቁ፤ ሌብሉ እንዳይረጥብ ይጠንቀቁ።

አሲቴት በተጫወተ ቁጥር ቀጫጭን ድምፆቹን ያጣል። ስለዚህ መርፌውን አጽድተው፣ ክብደቱን አስተካክለው፣ መቅረጫውን በ24 ቢት እና በ96 ኪሎኸርዝ ከከፈቱ በኋላ ብቻ ያጫውቱ። የድምፁን ከፍታ ለመለካት ሌላ ሸክላ ይጠቀሙ፤ የዚህኛው የመጀመሪያ ዙር ለቅጂው ይሁን።

ጥያቄ፦ የክለብ ሸክላ መጀመሪያው ላይ «ሽሽሽ» ይላል፣ ሌብሉ ላይም በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ ድምፁ ቆሻሻ አይደለም። ዲጄው ዘፈኑን ለማስገባት መርፌውን እዚያው ቦታ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላልስ ቦዩ ተፍቋል፤ አይጠገንም። ነገር ግን የተለየ ቅርጽ ያለው መርፌ ያልተፋቀውን የቦይ ግድግዳ ሊያገኝ ስለሚችል ሁለት ዓይነት ይሞክሩ። ጽሑፉን ግን አይንኩት። «118» የሚል ቁጥር በደቂቃ የሚመታው ምት ነው፤ ሸክላው ክለብ ውስጥ መሥራቱን የሚናገር ምስክር ነው።

ጥያቄ፦ የ1978 የፓራዳይዝ ጋራዥ በራሪ ወረቀት ቀረበልኝ። ምን ልይ?

መልስ፦ ክለቡ ከ1977 እስከ 1987 በማንሃተን 84 ኪንግ ስትሪት ነበር፤ ሌላ አድራሻ የያዘ ወረቀት የእሱ አይደለም። ስልክ ከተጻፈ መነሻ ቁጥሩን ይዩ፦ 718 ለብሩክሊንና ለኩዊንስ የተሰጠው በ1984 ስለሆነ፣ የ1978 ወረቀት ላይ ሊገኝ አይችልም። በማጉያውም ይመልከቱ፤ የዘመኑ ኦፍሴት ሕትመት ወጥ ቀለም ወይም ሥርዓት ያላቸው ነጥቦች ያሳያል፣ የቤት ኢንክጄት ግን የተበታተነ ርጭት ነው። ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ማብራቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል በ1970ዎቹም ነበርና። ከገዙት በፖሊስተር ከረጢት ያስቀምጡት። ላሚኔት አያድርጉት፣ ማጣበቂያ ፕላስተርም አይለጥፉበት፤ ፕላስተሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።