ሴሮቶኒን ከአንጎል ውጭ ምን ይሠራል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከጎንደር ናቸው። ማራኪ አካባቢ ፈተና ደርሷል መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ሲምፓተቲክ ጋንግሊያ የሚባለው ምንድን ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዳር ሰው ሲገፋህ ልብህ ድው ድው የሚለው በዚህ መስመር በሚመጣ ትእዛዝ ነው። ጋንግሊያ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ የነርቭ ሕዋሳት የተሰባሰቡባቸው ጉብታዎች ናቸው። ሲምፓተቲክ የሚባሉት በአከርካሪ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ጥቂቶቹ ደግሞ ሆድ ውስጥ ናቸው። ትእዛዙ እዚህ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይተላለፋል፤ ዋናው አስተላላፊ አሴቲልኮሊን ነው።

ጥያቄ፦ መምህራችን ሲምፓተቲክ ጋንግሊያ ውስጥም ሴሮቶኒን የያዙ የነርቭ ክሮች አሉ አሉን። ሴሮቶኒን የደስታ ኬሚካል አይደለም እንዴ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው። «የደስታ ኬሚካል» የሚለውን ስም እኔ በበኩሌ አልወደውም። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 ከመቶ ያህሉ አንጀት ውስጥ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ ውስጥ ከደም ሴረም ተጣርቶ ሲወጣም የተፈለገው የደም ሥር ስለሚያጠብ እንጂ ስለ ደስታ ማንም አላነሳም።

ወደ ጋንግሊያው ስንመጣ፣ በጊኒ ፒግ (አይጥ መሰል የቤተ ሙከራ እንስሳ) ሆድ ባሉት ጋንግሊያ ውስጥ ከክሮቹ የሚለቀቀው ሴሮቶኒን አንዳንድ ሕዋሳትን ቀስ ብሎ ያነቃቃል። አሴቲልኮሊን በቅጽበት ሠርቶ ይሄዳል፤ የሴሮቶኒን ውጤት ግን ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ይበልጥ ዝግጁ ይሆናል። ይህን ግን ለአጥቢ እንስሳት ሁሉ አትስጡት። አይጥ አንገት ላይ ባለው ጋንግሊዮን (የጋንግሊያ ነጠላ) ሴሮቶኒን በትናንሽ ልዩ ሕዋሳት ውስጥም ይገኛል።

ጥያቄ፦ በዓይን የማይታይ ኬሚካል ክር ውስጥ መኖሩ እንዴት ታወቀ? (ከአራዳ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ስስ የሕብረ ሕዋስ ቁራጭን ለፎርማልዲሃይድ ትነት አጋለጡት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሌላው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኖርአድሬናሊን አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ቢጫ ሆኖ አበራ። በኋላ ሴሮቶኒንን ለይቶ የሚይዝ ፀረ-አካል (አንቲቦዲ) መጣና ሥራው ጠራ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የኖርአድሬናሊን ክሮች በዙሪያቸው ያገኙትን ሴሮቶኒን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ስለዚህ ክሩ ሴሮቶኒን መያዙ ራሱ ሠርቶታል ማለት አይደለም። ሴሮቶኒን የሚሠራው ኤንዛይም እዚያው መኖሩም ይታይ።

ጥያቄ፦ ሙዝ ሴሮቶኒን አለው ሲሉ ሰማሁ። ልጄ ፈተና ላይ ነው፤ ላብላው? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አለው፤ ግን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። አንጎል የራሱን ከምግብ ከሚገኝ ትሪፕቶፋን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራል። ሙዙን ይስጡት እናቴ፤ ሌሊቱን ግን ይተኛ።