ሚስቴ አርግዛ እኔን ያቅለሸልሸኛል፣ ወንድነቴ ቀንሶ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ የ7 ወር እርጉዝ ናት። ጠዋት ጠዋት እኔን ያቅለሸልሸኛል፣ ቦርጭ አወጣሁ፣ ጓደኞቼ «ምጡንም አንተ ታምጣለህ» እያሉ ያሾፉብኛል። ጂም ቤት አንዱ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ተወጋ አለኝ፣ ልወጋ? እሷም ከሦስት ቀን ወዲህ ራሷን ያማታል፣ ፊቷ አብጧል፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ቀባናት፣ አድቪልም ሰጠኋት። ሌሊት እየተነሳሁ ትተነፍስ እንደሆነ አያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተን ቶሎ ልጨርሰው። ወንድነትህ የትም አልሄደም። ኩቫድ ይባላል፣ ሚስት ስታረግዝ የእርግዝና ስሜት ባልም ላይ ሲታይ ማለት ነው፣ ስንቱ አባወራ ይዞት አፍሮ ዝም ይላል መሰለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲወለድ ይለቃል። ሆርሞን መውረድም ቢሆን ጉድ አይደለም፣ ፊሊፒንስ ሴቡ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ወንዶች አባት ሲሆኑ ቴስቶስትሮናቸው ወርዶ ነው የተገኘው፣ ልጅ በመንከባከብ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር። መርፌውን እርሳው፣ የዘር ፍሬህን ነው የሚቀንስብህ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሌሊት የሚያስነሳህ ቦርጭህ አይደለም፣ እሷን እንዳታጣት ነው የፈራኸው፣ ታዲያ ፈርተህ ሳለ ሦስት ቀን ምን ትጠብቃለህ? በ7ኛ ወር ራስ ምታትና የፊት እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ፣ ተለክቶ ደህና ነው እስኪባል ድረስ የደም ግፊት ነው ብለህ ያዘው። 140 በ90 ከደረሰ ወይ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ከተገኘ ዝም ተብሎ ወደ ቤት አይኬድም። ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ከጎድን አጥንቷ ስር ካመማት፣ ወይ ካስመለሳት ደግሞ ሰዓትም አትቁጠር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጎረቤት ልክፍት ነው ጠበል ውሰዳት ይልሃል። ጠበሉ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ሆስፒታል።

ዳማከሴ ግፊት አያወርድም። አድቪሉንስ ማን አዘዘልህ? ከ20 ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድም፣ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ እናንተ ግን እንደ ከረሜላ ትቅሙታላችሁ!

አይዞህ፣ ብዙዎቹ ተለክተው ደህና ሆነው ነው የሚመለሱት። ግን ዛሬውኑ ውሰዳት፣ ቀጠሮዋ ሰኞ ነው አትበለኝ። ደግሞ እንደ ብዙ ባል በር ላይ ቆመህ ስልክ አትነካካ፣ አብረህ ግባ፣ ግፊቷ ስንት እንደሆነ ጠይቅ፣ የሰጠሃትን መድኃኒት ሁሉ ሳትደብቅ ተናገር። ያንተ ማቅለሽለሽ ከወሊድ በኋላም ካልለቀቀህ ያኔ ጨጓራህን እናያለን።