ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ 4 ኪሎ አካባቢ ነዋሪ፣ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ አምሮኛል፤ ቤተሰቦቼ ግን «መካኒካልም አይደል፣ ማኔጅመንትም አይደል፣ ሥራ የለውም» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሥራ አለው። ችግር የሚሆነው «ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የምትጠብቂ ከሆነ ነው። የምርት ዕቅድ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የሰፕላይ ቼይን (የአቅርቦት ሰንሰለት)፣ የኦፕሬሽን፣ የካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) አስተባባሪ የሥራ መደቦችን ፈልጊ፤ «በኢንዱስትሪያል፣ በመካኒካል ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚሉ ታገኛለሽ። እዚያ ከመካኒካልና ከማኔጅመንት ምሩቃን ጋር ትፎካከሪያለሽ። የምትበልጫቸው ሥራን ለክተሽ በቁጥር ማሻሻል ከቻልሽ ነው።

ምን ማለት እንደሆነ ላሳይሽ። በአንድ የልብስ ስፌት መስመር ላይ 5 ሠራተኞች ተከታትለው ይሠራሉ እንበል። ለአንድ ልብስ በቅደም ተከተል 40፣ 45፣ 62፣ 38 እና 50 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። መስመሩ ከሁሉ ከምትዘገየው ከሦስተኛዋ ሊፈጥን አይችልም፤ ስለዚህ በሰዓት የሚያወጣው የሰዓቱን 3600 ሰከንድ ለ62 አካፍለሽ የምታገኚውን ነው፤ 58 ልብስ። አለቃው የመጀመሪያዋን ሠራተኛ «ፍጠኚ» ቢላት ምርቱ አይጨምርም፤ ሦስተኛዋ ፊት ያልተሰፋ ጨርቅ ይከመራል እንጂ። ከሦስተኛዋ ሥራ 12 ሰከንድ የሚፈጀውን ክፍል ለአራተኛዋ ብትሰጪ ግን ሁለቱም 50 ሰከንድ ይሆናሉ፤ ምርቱም በሰዓት ወደ 72 ያድጋል። ማሽን አልተገዛም፣ ሰው አልተቀጠረም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ሳይሆን ሰከንዶቹን ሲለካ ነው። ሠራተኛዋ ስቶፕዋች ስታይ ወይ ትጣደፋለች ወይ ትጎተታለች፤ ኮታ ሊጨምሩብኝ ነው ብላ ብትሰጋ አይፈረድባትም። ስለዚህ አስቀድመሽ ለምን እንደምትለኪ ንገሪያት፤ አንድ ሁለቴ ለክተሽም አትሂጂ። አማካዩ 48 ሰከንድ ወጣ እንበል። የሠራችበት ፍጥነት ከመደበኛው 90 በመቶ ነው ብለሽ ከገመትሽ መደበኛው ጊዜ 43.2 ይሆናል። ለድካም፣ ለውሃና ለክር መበጠስ 15 በመቶ ስትጨምሪ 50 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ይህን ጭማሪ የረሳ ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል።

ኢንተርንሺፕሽን ጊዜ ወስደሽ ምረጪ። የልብስ ፋብሪካ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (ሸቀጥን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ተጠቃሚነት ስለወጣች ወደ አሜሪካ የሚልኩት ፋብሪካዎች ገበያ ተናግቷል። ተስፋሽን ሁሉ እዚያ ላይ አታድርጊ። ሰፈርሽ ውስጥ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ አለ። በኅትመት ሥራ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ፕሌት (ጽሑፉና ሥዕሉ ያረፈበትን የማተሚያ ሰሌዳ) መቀየርና ቀለም ማስተካከል ማሽኑን ያስቆማል፣ ወረቀትም ያባክናል፤ ለእናንተ ሙያ ግሩም የጥናት ርዕስ ነው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ወረፋም እንደዚሁ።

የትብብር ደብዳቤሽን ይዘሽ ስትሄጂ «አንድ ማሽን ወይም አንድ መስመር ይመደብልኝ፣ መረጃውንም እንዳይ ይፈቀድልኝ» በይ። ይህን ሳይጠይቁ የገቡ ልጆች ወራቱን ፋይል ሲያመላልሱ ይጨርሱታል። በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን ሁኔታ ለክተሽ መዝግቢ፤ የመነሻ ቁጥር ከሌለሽ በኋላ ያመጣሽውን ለውጥ ማሳየት አትችዪም። ሲቪሽ ላይ «ልምምድ አድርጌያለሁ» ከሚለው ይልቅ «ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ ማሽኑ የሚቆምበትን ጊዜ ከዚህ ያህል ወደዚህ ያህል ደቂቃ አወረድኩ» የሚለው ነው ለቃለ መጠይቅ የሚያስጠራሽ።

ስታቲስቲክስና ሒሳብ የሚያስመርርሽ ከሆነ ግን ደግመሽ አስቢበት፤ ኦፕሬሽን ሪሰርች (የተሻለውን ውሳኔ በሒሳብ የመፈለግ ትምህርት)፣ የጥራት ቁጥጥርና የምርት ዕቅድ በሙሉ እዚያው ላይ የቆሙ ናቸው። ከሶፍትዌር ኤክሴልን ከሁሉ አስቀድሚ፤ ፒቮት ቴብልን (መረጃ ማጠቃለያውን) እና ሶልቨርን (የተሻለውን መልስ ፈላጊውን) እስኪለምድሽ ሥሪበት። የመውጫ ፈተናም ስላለ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻዎችሽን አትጣዪ።

ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ከዲፓርትመንቱ የኮርሶቹን ዝርዝር ተቀበዪ፣ አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪም ፈልገሽ ኢንተርንሺፕ የት እንደወጣና ምን እንደለካ ጠይቂው።